ያጋደለች ስንጥቅ፦ ቢም ኮለኑ አጠገብ ለምን በሰያፍ ይሰነጠቃል?

ኮምቦልቻ ነው። ምድሩ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያና ዕቃ ማስቀመጫ የሆነ ቤት። ባለቤቱ ሐጂ በርጩማ ላይ ወጥተው ግድግዳውን በጣታቸው ያሳዩኛል።

«ይቺን እያት እስኪ። ሦስቴ አስለሰንኳት። ሦስቴ ወጣች።»

ግድግዳው ብሎኬት ነው። ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ጣት ሊያስገባ ምንም ያልቀረው ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ሄዷል። ያስጠላል። ግን ምንም አያመጣም። ብሎኬትና ቢም አብረው ስለማይሟሽሹ፣ ግንበኛውም የላይኛውን መስመር በደንብ ስላላጨቀው የተላቀቁበት ቦታ ነው።

እኔ ዓይኔ ያረፈው ሌላ ላይ ነው። ቢሙ ራሱ ላይ፣ ኮለኑ ጋ ሊደርስ ሲል፣ የሸረሪት ድር የምትመስል ቀጭን መስመር አለች። ከታች ከኮለኑ አጠገብ ትነሳለች። ወደ ላይ ስትወጣ ወደ ሱቁ መሀል ታጋድላለች። ሐጂ አላዩዋትም። ቢያዩዋትም ቀጭን ናት ብለው ይተዉአት ነበር።

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ከተንቀጠቀጠ ወዲህ ሰው ሁሉ ቤቱን ቀና ብሎ ማየት ጀምሯል። የስንጥቅ ፎቶ ይላክልኛል። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝ «ሰፊ ነው አይደል?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው ወዴት እንደሚያጋድል ነው። ዛሬ የማብራራው ይሄንኑ ነው።

ለመሆኑ ቢም ምን ይሠራል?

ቢም አግድም የተኛ የአርማታ ግንድ ነው። ሶሌታው፣ ማለትም የፎቁ የአርማታ ወለል፣ የተሸከመውን ተቀብሎ ለኮለን፣ ለቋሚው የአርማታ ምሰሶ፣ ያስረክባል። ሰው፣ ሶፋ፣ ግድግዳ፣ የራሱ የሶሌታው ክብደት፣ ሁሉም በእሱ በኩል ያልፋል።

ሸክም ሲያርፍበት መሀሉ ትንሽ ወደ ታች ይጎብጣል። በዓይን አይታይም እንጂ ይጎብጣል። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ መሀሉን ወደ ታች አጉብጡት። የላይኛው ገጽ ይጨማደዳል፣ የታችኛው ይከፈታል። ቢምም እንደዚያው ነው። ላዩ ይጨመቃል፣ ታቹ ይሳባል።

አርማታ ሲጨምቁት ጀግና ነው። ሲስቡት ግን ወኔው ይከዳዋል። የመሳብ አቅሙ ከመጨመቅ አቅሙ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በሚሳብበት በታችኛው በኩል ወፋፍራም ፌሮ ይተኛለታል። እስከዚህ ድረስ ፌሮ የሚያስረው ፌራዮም፣ ግንበኛውም፣ ባለቤቱም ይስማማሉ። አለመስማማቱ የሚመጣው ቀጥሎ ባለው ነገር ላይ ነው።

ታዲያ ሺር የሚሉት ምንድን ነው?

መሐንዲሶች «ሺር» ይሉታል። ስሙ ከሸር ጋር መቀራረቡ አጋጣሚ ነው፤ ግን ጠባዩም ብዙ አይርቅም። ተደብቆ ይቆያል፣ ሲመጣ አያስጠነቅቅም።

አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። 5 ሜትር የተዘረጋ ቢም አለ እንበል። በእያንዳንዱ ሜትር ላይ 3 ቶን ተጭኖበታል። ጠቅላላው 15 ቶን ነው። ግማሹ ወደ ግራው ኮለን፣ ግማሹ ወደ ቀኙ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ 7.5 ቶን ማለት ነው።

አሁን የጁምዓ ሶላት ያበቃበት መስጊድ አስቡ። ሰው በሁለት በር ይወጣል። አዳራሹ መሀል ላይ ግፊያ የለም። ወደ በሩ በተጠጋችሁ ቁጥር ግን ከኋላ ያለው ሁሉ እየተጨመረ ይመጣል። በሩ ላይ ስትደርሱ የግማሹ አዳራሽ ሰው እዚያች ቦታ ላይ ነው። የቢም በሩ ኮለኑ ነው። መሀል ላይ ሺሩ ዜሮ ነው። ሩቡ ላይ 3.75 ቶን ይሆናል። ኮለኑ አፍ ላይ 7.5 ይደርሳል።

ምን ያደርጋል ይሄ ኃይል? ኮለኑ ጋ ያለውን የቢም ቁራጭ ኮለኑ ከሥር ደግፎ ወደ ላይ ይዞታል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ቁራጭ ሸክሙ ወደ ታች ይጎትተዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። መቀስ የሚቆርጠው እንደዚህ ነው።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው የሚገርመው። መቀስ የሚቆርጠው ቀጥ አድርጎ ነው። ቢም ግን ቀጥ ብሎ አይቆረጥም። በሰያፍ ይሰነጠቃል።

ለምን በሰያፍ?

ይህን በጠመኔ ማየት ይቻላል። አንድ ጠመኔ ውሰዱና በሁለት እጅ ይዛችሁ ጎንበስ አድርጋችሁ ስበሩት። ስብራቱ ቀጥ ያለ ነው፣ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ሌላ ጠመኔ ውሰዱ። ይሄኛውን አታጉብጡት። ጨርቅ እንደምትጨምቁ አንዱን እጅ ወደዚህ፣ ሌላውን ወደዚያ ጠምዝዙት። ቀጭ ሲል አፉን እዩት። በ45 ዲግሪ ገደማ የዞረ ሰያፍ ስብራት ነው። ጥምዘዛ ጠመኔው ገጽ ላይ የሚፈጥረው ኃይል ሺር ነው። ጠመኔም እንደ አርማታ ሲጨመቅ ይችላል፣ ሲሳብ አይችልም።

ሰያፍነቱ ከየት መጣ? የእንጨት በር ስትሠሩ አራት ጣውላ ብቻ ገጥማችሁ ብትሰቅሉት ከጊዜ በኋላ ይንሻፈፋል። አራት ማዕዘኑ ተገፍቶ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ሲንሻፈፍ ከጥግ ጥግ ያሉትን ሁለት መስመሮች አስተውሉ። አንደኛው ረዘመ፣ አንደኛው አጠረ። አናጢ ያቺን ሰያፍ እንጨት የሚመታው ለዚህ ነው።

ኮለኑ አጠገብ ያለው የቢም ክፍልም ልክ እንደዚያ በር ነው። አንዱ ጎኑ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሲገፋ በውስጡ አንዱ ሰያፍ ይጨመቃል፣ ሌላው ሰያፍ ይሳባል። የሚጨመቀው ግድ የለውም። የሚሳበው ይለቃል። ስንጥቁ የሚከፈተው የተሳበውን አቅጣጫ አቋርጦ ነው። ስለዚህ ከኮለኑ ሥር ተነስቶ ወደ መሀል እያጋደለ ይወጣል። በሁለቱም የቢሙ ጫፍ ቢመጣ ሁለቱ ስንጥቆች እንደ ጣሪያ ክዳን ወደ መሀል ያዘነበሉ ሆነው ይታያሉ።

እና ሺር አርማታውን የሚጎዳው በመቁረጥ አይደለም። ዞሮ ዞሮ የሚሰብረው መሳብ ነው፤ ያውም ማንም ፌሮ ባላስተኛበት አቅጣጫ።

ስታፋ ፌሮ ለመያዝ አይደለም እንዴ?

ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ አንድ ሥራ ላይ ነበርን። ጠዋት ነው፣ የጦሳን ተራራ ጉም ሸፍኖታል። አርማታው የሚፈስበት የጣውላ ቅርጽ፣ ካሳ ፎርማው፣ ተመትቷል። የቢሙ ፌሮ ታስሮ ገብቷል። አርማታ ማቡኪያው ቤቶኔራ ሊነሳ ነው። ስታፋውን፣ ወፋፍራሞቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያቅፈውን ቀጭን የብረት ቀለበት፣ አየሁት። በ30 ሳንቲ በ30 ሳንቲ ነው የታሰረው።

ፌራዮው ወጣት ነው፣ እጁ ፈጣን። «ኢንጂነር፣ ስታፋ እኮ ፌሮውን ለመያዝ ነው» አለኝ። የታሰረውን ፌሮ በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። «ይኸው፣ ንቅንቅ አይልም።»

እውነቱን ነው፣ አይነቃነቅም። ስታፋ ፌሮ ይይዛል። ግን ለዚያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሽቦም ይበቃው ነበር።

ጠመኔ ተቀበልኩና ካሳ ፎርማው ጎን ላይ፣ ከኮለኑ አፍ ተነስቼ በ45 ዲግሪ ሰያፍ መስመር ሳብኩ። «ይቺ ስንጥቅ ናት እንበል። ስንት ስታፋ ያቋርጣታል?»

ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። «አንድ።»

ቢሙ 40 ሳንቲ ቁመት አለው። ከላይ እስከ ታችኛው ፌሮ ድረስ 36 ሳንቲ ያህል ነው። ስንጥቅ በ45 ዲግሪ 36 ሳንቲ ወደ ላይ ከወጣ፣ 36 ሳንቲ ወደ ጎን ይሄዳል። ስታፋው በ30 ሳንቲ ከታሰረ በዚያ መንገድ ላይ የሚያገኘው አንድ ነው። በ12 ሳንቲ ቢታሰር ሦስት ያገኛል።

አንድ ስታፋ ስንት ይይዛል? ባለ 8 ሚሊ ከሆነ አንዱ እግር 50 ሚሊ ሜትር ካሬ አለው። ሁለት እግር 100 ይሆናል። በተለመደው የፌሮ ጥንካሬ፣ የደህንነት ቅናሹ ተደርጎ፣ 3.5 ቶን ገደማ። ሦስት ከሆኑ ከ10 ቶን በላይ ነው። ቅድም ያሰላነውን 7.5 ቶን አስታውሱ። አንድ ስታፋ ብቻውን አይደርስበትም፤ ሦስት ይሻገሩታል። በ8 ሚሊ ፋንታ 6 ሚሊ ከገባ ደግሞ የብረቱ ስፋት ከ50 ወደ 28 ይወርዳል። በዓይን ሲያዩት «ትንሽ ቀጠነ» ነው። በሒሳብ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ስታፋ ስንጥቁ እንዳይፈጠር አይከለክልም። ሥራው የሚጀምረው ስንጥቁ ከተፈጠረ በኋላ ነው። ሐኪም ቁስል እንደሚሰፋው ሁለቱን ከንፈር ይዞ እንዳይላቀቁ ያደርጋል። መሐንዲሶች ነገሩን በካፕሪያታ፣ ጣሪያ በሚሸከመው የእንጨት አጥንት፣ ይመስሉታል። በሁለት ስንጥቅ መካከል ያለው ሰያፍ አርማታ እንደ ካፕሪያታ ሰያፍ እንጨት ይገፋል። ስታፋው እንደ ቋሚዋ ዘንግ ይስባል። የታችኛው ፌሮ የካፕሪያታው የታች ወገብ ነው። ከቋሚዎቹ አንዷን ብታወጡ ካፕሪያታው ምን እንደሚሆን ማንም ጣሪያ የሠራ ሰው ያውቃል።

ልጁ ዝም ብሎ መስመሯን ሲያይ ቆየ። ከዚያ የሱን ጥያቄ አመጣ። «ዋጋውስ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። እዚያው በጣውላ ላይ ቆጠርን።

5 ሜትሩ ሁሉ በ25 ሳንቲ ቢታሰር 21 ስታፋ ይፈጃል። ሁለቱ ጫፍ ላይ አንድ አንድ ሜትር በ10 ሳንቲ፣ መሀሉን በ20 ብናደርገው 36 ይሆናል። ልዩነቱ 15 ስታፋ ነው። አንዱ ከነመንጠቆው 1.2 ሜትር ያህል ይወስዳል። ድምሩ 18 ሜትር። ይህ የ8 ሚሊ አንድ ተኩል ቤርጋ (ሙሉ የፌሮ ዘንግ) ነው፣ 7 ኪሎ ገደማ። ለሙሉ ቢም! ባለቤቱ ለበሩ እጀታ ከዚያ በላይ ሳያወጣ አልቀረም።

መንጠቆው ላይ ግን ልጁ አኮረፈ። ስታፋው የሚዘጋበት ጫፍ በ90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ፣ አርማታው ሲፈነዳ ይከፈታል። ወደ ውስጥ፣ በ135 ዲግሪ መታጠፍ አለበት። የሚገባውም ጭራ የስታፋውን ውፍረት አሥር እጥፍ ያህል፣ ለ8 ሚሊ 8 ሳንቲ መሆን ይኖርበታል። «እጄን ይጨርሰዋል» አለኝ። እጁን አየሁት። ውሸት አልነበረም። ቢሆንም አጠፈው።

ስታፋ ባይኖርስ፣ አርማታው ብቻውን ምን ያህል ይይዛል?

ዜሮ አይደለም። ያልተሰነጠቀው የላይኛው ክፍል ትንሽ ይይዛል። ስንጥቁን የሚያቋርጡት የታች ፌሮዎች እንደ ካስማ ትንሽ ይደግፋሉ። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ግን ጠጠሩ ነው። የስንጥቅ ከንፈር ለስላሳ አይደለም። ጠጠሩ ከዚህም ከዚያም ወጣ ገባ ብሎ እርስ በርሱ ይናከሳል። እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ይህ ንክሻ ነው።

ንክሻው የሚሠራው ስንጥቁ ጠባብ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ሲሰፋ ጥርሶቹ ይለያያሉ። ቅድም በምሳሌ ያነሳነው ቢም ስታፋ ባይኖረው፣ ስፋቱ 20 ሳንቲ ከሆነ፣ ከ7.5 ቶን ግማሹን እንኳ ይሸከማል ብሎ መተማመን አይቻልም። አሸዋው ጭቃ ካለበት፣ ውሃ በዝቶ ከተለወሰ፣ አንቀጥቅጦ የሚጠቀጥቀው ቪብሬተር ሳይገባው ቀርቶ ባዶ ባዶ ከሆነ ደግሞ ያንሳል። ኮለኑና ቢሙ የሚገናኙበት ቦታ ፌሮ ስለሚጨናነቅ ቪብሬተር ለማስገባት ሰው የሚሰንፈው እዚያው ላይ ነው። ሺር የሚበዛውም እዚያው።

የዚህን ዋጋ ዓለም በቀላል አልተማረም። ሪተር የተባለ የስዊዝ መሐንዲስ የካፕሪያታውን ሐሳብ ያመጣው በ1899 እ.ኤ.አ. ነው። ጀርመናዊው ሞርሽ አስፋፋው። ሆኖም ለብዙ አሥርት ዓመታት አርማታው ብቻውን በቂ ሺር ይሸከማል እየተባለ ስታፋ የሌላቸው ቢሞች ይሠሩ ነበር። በ1955 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ የአንድ አየር ኃይል መጋዘን ጣሪያ በከፊል ተደረመሰ። ቢሞቹ 91 ሳንቲ ገደማ ቁመት ነበራቸው። በረዶ የለም፣ ዕቃ አልተጫነባቸውም። ከራሳቸው ክብደት በቀር የተሸከሙት አልነበረም ማለት ይቻላል። በተሰበሩበት ቦታ ስታፋ አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ ነው የአሜሪካ ደንብ የሺርን ነገር እንደገና ያጠበቀው።

ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የካኒ ሙከራዎች ደግሞ ሁለት ነገር ልጥቀስ። ካኒ ካናዳ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ነው። አንደኛ፣ ስታፋ የሌለው ቢም ቁመቱ ሲጨምር ጥንካሬው በዚያው ልክ አይጨምርም። ወፍራም ነው ብሎ መተማመን ሞኝነት ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ለሐጂ ቤት ይጠቅመናል። ሸክሙ ከኮለኑ የቢሙን ቁመት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ርቆ ሲያርፍ ቢሙ በሺር ለመሰበር በጣም የተጋለጠ ይሆናል። ለ40 ሳንቲ ቢም አንድ ሜትር ገደማ ነው።

ካናዳ ራሷ ከዚህ አላመለጠችም። በ2006 እ.ኤ.አ. ኬቤክ፣ ላቫል ከተማ አንድ የመንገድ ድልድይ ወድቆ አምስት ሰው ሞተ። ወፍራም ሶሌታው በወሳኙ ቦታ የሺር ብረት አልነበረውም። ከመውደቁ አንድ ሰዓት ገደማ በፊት የአርማታ ቁርጥራጭ መንገዱ ላይ ወድቆ ታይቶ ነበር።

ሁሉም ስንጥቅ ያስፈራል?

ኧረ አያስፈራም። አርማታ የማይሰነጠቅበት ቤት የለም።

ልስን ላይ እንደ ካርታ የተሰባበረ መስመር ካያችሁ ልስኑ ቶሎ ስለደረቀ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ሞቅ ስለሚል እዚያ ይበዛል። ቢሙ መሀል፣ ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብለው የሚወጡ ፀጉር የሚያካክሉ መስመሮች ደግሞ ፌሮው ሥራ የጀመረበት ምልክት ናቸው። በደንቡ እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ድረስ ለተለመደ ቤት ይፈቀዳል። መለኪያ ከሌላችሁ የወረቀት ቅጠል ተጠቀሙ። የተለመደው የኤ4 ወረቀት 0.1 ሚሊ ነው። ሦስት ወረቀት አንድ ላይ ከገባ 0.3 ላይ ናችሁ።

የደሴ ነገር ደግሞ አለ። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ናት። ክረምት አፈሩ ውሃ ሲጠጣ መሠረት ይንቀሳቀሳል። ያኔ የብሎኬት ግድግዳው ላይ እንደ ደረጃ እየዘለለ የሚወጣ ስንጥቅ ይመጣል። ይህ ሌላ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ። ከቢሙ ሥር በፌሮው ርዝመት ልክ አግድም የሚሄድና ዝገት የሚያነባ ከሆነም ፌሮው እየዛገ ነው። ያስቸኩላል፣ ግን ለወራት ይታገሣል።

በሰያፍ የሚሄደው፣ ኮለኑ ጋ ያለው፣ እሱ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ከሌሎቹ የሚለየው በሚሰጠው ጊዜ ነው። ቢም መሀሉ ላይ ሲደክም ይጎብጣል፣ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ስንጥቁ እየሰፋ ይመጣል። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲታጠፍ እንደሚንቋቋ ያስጠነቅቃል። ስታፋ ያነሰው ቢም በሺር ሲሰበር ግን እንደ ጠመኔው ነው። ቀጭ። ስለዚህ ቀጭን መሆኑ አያጽናናም። ምናልባት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ እሱው ሊሆን ይችላል።

የመሬት መንቀጥቀጡስ?

ያባብሰዋል። መሬቱ ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዝ የሺሩ አቅጣጫ ይገላበጣል። አንዴ በዚህ ሰያፍ፣ አንዴ በዚያኛው። ስንጥቁ ኤክስ ይሠራል፣ መሀሉ ያለው አርማታም ይደቃል። እኛ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው ገደል አፍ ላይ ነን። ካራ ቆሬ ሩቅ አይደለም፤ በ1953 ዓ.ም. እዚያ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል።

ደንቡ ጫፎቹ ላይ ስታፋ እንዲጠጋጋ የሚያዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። ከኮለኑ አፍ የመጀመሪያው ስታፋ ከ5 ሳንቲ እንዳይርቅ ይላል። እዚያ አካባቢ ያለው ርቀት ከቢሙ ቁመት ሩብ እንዳይበልጥም ይከለክላል። ለ40 ሳንቲ ቢም 10 ሳንቲ ማለት ነው። ሌሎች ገደቦችም አሉ፤ ፕላኑ ላይ ተጽፈው ይመጣሉ። ችግሩ ፕላኑ ብዙ ጊዜ ቢሮ መቅረቱ ነው።

ባየውስ ምን ላድርግ?

አታስለስኑት። ልስን ለቢም ሜካፕ ነው፤ የሚታየውን ያጠፋል እንጂ የታመመውን አይነካም። በእርሳስ የስንጥቁን ሁለት ጫፍ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። ስፋቱ እንዲታወቅ አጠገቡ የብር ሳንቲም ወይም ወረቀት አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ከምልክቱ አልፎ ከሄደ እያደገ ነው።

ከላዩ ያለውን ሸክም አንሱ። ሮቶ ካለ አስቡት፤ 2,000 ሊትር ውሃ 2 ቶን ነው። ስንጥቁ ሰፋ ካለ ወይም እያደገ ከሆነ ከሥሩ ሰው አታስቀምጡ። ቢሙን በጠንካራ ቋሚ አስደግፉና የስትራክቸር መሐንዲስ ጥሩ። መጠገኛው አለ። በኤፖክሲ መሙላት፣ በካርቦን ጨርቅ መጠቅለል፣ አዲስ ስታፋ ጨምሮ ዙሪያውን እንደገና አርማታ ማልበስ። የትኛው እንደሚሆን ሒሳቡ ነው የሚወስነው።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ። የቧንቧ ሠራተኛ ኮለኑ አጠገብ ቢሙን በመሮ ሲበሳ ካያችሁ አስቁሙት። የፍሳሽ ቱቦ ለማሳለፍ ብሎ ሁለት ስታፋ ቆርጦ የሄደ ሰው አይቻለሁ። ቱቦው ግን አላፈሰሰም፣ ጎበዝ ነበር።

ወደ ሐጂ ሱቅ እንመለስ።

ልስኑን በቀስታ አነሳንለት። ስንጥቋ አርማታው ላይም አለች። የፌሮ መፈለጊያ መሣሪያ አስመጥተን ጎኑን አሳለፍንበት። የመጀመሪያው ስታፋ ከኮለኑ 28 ሳንቲ ርቆ ተገኘ። ቀጣዩ ከሱ 30 ሳንቲ። ስንጥቋ በሁለቱ መካከል ተመቻችታ ወጥታለች።

«ሐጂ፣ ላይ ምን አለ?»

«ምንም የለም። ስኳርና ዱቄት ነው።»

ወጥተን አየን። 40 ኩንታል ተደርድሯል፣ 4 ቶን። ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ ተደርጎ፣ ከኮለኑ አንድ ሜትር ገደማ ላይ።

«መሀል ላይ እንዳይከብድ ብዬ እኮ ነው ጥግ ያስያዝኩት» አሉኝ።

ልክ ናቸው፤ መሀሉ አልከበደውም። ግን 4 ቶን መሀል ላይ ቢሆን ለእያንዳንዱ ኮለን ሁለት ሁለት ቶን ይደርሰው ነበር። 5 ሜትር ቢም ላይ ከአንደኛው ኮለን አንድ ሜትር ርቆ ሲቀመጥ 3.2 ቶኑ ወደዚያው ጫፍ ይሄዳል። ይህን ስነግራቸው በጣታቸው አየር ላይ ሚዛን ሠርተው አሰቡት። ነጋዴ ናቸው፤ ሚዛን ይገባቸዋል። «አሃ» አሉ። ከዚያ ልጆቹን ጠሩ።

ጆንያው በዚያው ቀን ወረደ። ከቢሙ ሥር ሦስት የባህር ዛፍ ቋሚ ገባ፤ ደንበኛ በመካከላቸው እየተሽሎከለከ ይገዛል። የስንጥቋ ጫፍ ላይ የእርሳስ ምልክትና ቀን አለ። እስካሁን አላለፈችውም። ጥገናው እየተሰላ ነው።

ሐጂ በደወልኩ ቁጥር ስለሱ አይጠይቁኝም። «ያቺን ሰፊዋን መቼ እናስለስናት?» ነው የሚሉኝ።